ከስም የቀደመ ቁጥር

የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ክፍል ጡረታ የሚወጣን ሠራተኛ የሚያሰናብተው በእጁ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ከተረከበ በኋላ ነው። እኔም በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ በራሴ ጥያቄ ስሰናበት፣ በስሜ ተመዝግቦ የተገኘው ዕቃ ብዙ አልነበረም፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የሒሳብ ማሽን እና አንድ ታብሌት ኮምፒውተር። ተረካቢው ታብሌቱን አገላብጦ አየና በመስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ስንጥቅ በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይኼ ምን አገኘው?»

«እንጦጦ ላይ ወደቀ።»

«በሥራ ላይ?»

«በሥራ ላይ» አልኩት፤ ሲወድቅ የያዝኩት ሥራ በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ ባይገኝም።

«ስንት ዓመት አገለገሉ?»

«ሃያ ሰባት ዓመት ከአራት ወር።»

ጻፈ፤ ማኅተሙን አሳረፈ። በቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ቀይ እርሳስ አልጠየቀኝም፤ በመዝገቡ ላይ የለምና። እርሳሱ የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የአለቃዬ የአቶ በዛብህ ነበር። ስለ ስንጥቁም ስለ እርሳሱም ለተረካቢው መንገር ቦታው አልነበረም። እዚህ ግን እነግራለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አጥንቼ፣ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ግድም ነው የተቀጠርኩት። መሥሪያ ቤቱ የከተማውን ነዋሪና የመኖሪያ ቤት መረጃ ይሰበስባል። የመጀመሪያ ምድቤ የአራሚዎች ክፍል ነበር፤ ከመስክ የሚመጡ መጠይቆች በጆንያ ታስረው ይደርሱናል፣ እኛ ደግሞ ገጽ በገጽ እያነበብን እርስ በርሱ የሚጣላውን መልስ በቀይ እናከብባለን። የዐሥር ዓመት ልጅ ባለትዳር ተብሎ ከተጻፈ፣ ወይም እናት ከልጇ በሦስት ዓመት ብቻ ከበለጠች፣ ወረቀቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ የወረቀቱ አቧራ ብዙ። የመጀመሪያው የክፍል ኃላፊዬ ከመጠይቁ ይልቅ ማኅተሙ ቀጥ ብሎ መመታቱ የሚያሳስበው ሰው ነበር፤ ከእሱም ቢሆን ማኅተም ቀጥ አድርጎ መምታት ተምሬአለሁ። በሦስተኛው ዓመት ወደ መስክ ተዛወርኩ። ምድቤ የካ ሆነ፤ ከኮተቤ ጀምሮ እስከ እንጦጦ ተዳፋት። በዚያ የተቀበሉኝ አቶ በዛብህ ናቸው።

አቶ በዛብህ ቀጭን፣ ዝግተኛ፣ ኮት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ዘወትር ሦስት እርሳስ በምላጭ ቀርጸው ይይዛሉ። ደጅ ሲደርሱ ከባለቤቱ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ድንጋይ ካለ በድንጋይ፣ ከሌለ በተረከዛቸው። ሠላምታውና የጤና ጥያቄው ሳያልቅ ወረቀት አያወጡም። የሚጠይቁትም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን ማን አደረ?» ሴትየዋ ስም ትጠራለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። «ሌላስ?» ይላሉ፤ ደግሞ «ሌላስ?» በመጨረሻም የጻፉትን ስም ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሴትየዋ ያነቡላታል። በዚህ ጊዜ ነው የተረሳው የሚታወሰው፦ «ውይ፣ ያቺን ሕፃን!» በቅጹ ላይ ቦታ የሌለውን ነገር በህዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል ያሰፍሩታል። «አያት ታማ ከገጠር መጥታለች፤ ትመለስ አትመለስ አልታወቀም።» እንዲህ ያለ።

ቁጥር ግን በደጅ ላይ ከአፋቸው አይወጣም ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት በራሴ ስሕተት ነው። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለው መንደር አንዲትን እናት፣ ለመስክ ሥራ አዲስ እንደመሆኔ ፍጥነቴን ለማሳየት፣ «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኋት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። ያልሰማችኝ መስሎኝ ደገምኩላት። ያለ ቁጣ፣ ቀስ ብላ በሩን ዘጋችው።

አቶ በዛብህ መኪና ውስጥ ገብተን በሩን እስክንዘጋ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር እናት ልጆቿን በቁጥር አትናገርም» አሉኝ። «ከብት ይቆጠራል። ልጅ የሚቆጥር ሞት ብቻ ነው ይላሉ። አንቺ ከደጅ ስም ተቀበይ። ቁጥር የቢሮ ሥራ ነው።»

ይህን ሰምቼ፣ ተቀብዬ፣ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ ኋላ ያደረግሁትን ባለማወቅ ነው ልል አልችልም።

ታብሌቱ የታወጀው በሰባት ሰዓቱ ዜና ነው። ምሳ ላይ ነበርን። ወረቀት እንደሚቀር፣ መረጃው ከደጅ በቀጥታ ወደ ማዕከል እንደሚደርስ ተነገረ፤ አንዲት ፈገግ ያለች ልጅ ጥቁሩን ሰሌዳ በጣቷ ስትነካም ታየ። የካፌው ጠረጴዛ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ።

«አለቀልን» አለ ከአራሚዎች አንዱ። «ቀይ እርሳሳችንን ለሙዚየም እናስረክብ።»

«ኧረ ተወው፣ አንድ ክረምት ነው ዕድሜው» አለች ሌላዋ። «የእንጦጦ ጉም ሲያገኘው እንደ ሕፃን ጉንፋን ይይዘዋል።»

«እናንተ ደግሞ! ዓለም የት ደርሷል!» አለች ፕሮግራም የምትጽፈው ሜሮን። በመሥሪያ ቤቱ ካሉት ወጣቶች ሁሉ ትጉዋ እሷ ነበረች።

በዚያው ቀን ወደምኖርበት አያት ሰፈር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥም ወሬው ይኼው ነበር። ለየተማሪው ሊታደል ነው የሚል ነበር፤ በየቤቱ ያለውን ዕቃ ከውጭ ሆኖ ያያል የሚልም። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሁሉንም አዳምጠው፣ «መብራት በሌለበት በምን ሊሠራ ነው? በጸሎት?» አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበርና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

የመምሪያ ኃላፊያችን አቶ ሰሎሞን የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል እንዳዘጋጅ እኔን መደቡኝ። ሥራውን ወደድኩት። ታብሌቱ የአራሚ ነፍስ ያለው መሣሪያ ነበር፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ባለትዳር ነው ስትለው እዚያው ደጅ ላይ «ያረጋግጡ» ይላል። በጆንያ ተጭኖ መጥቶ በጆንያ የሚመለስ ስሕተት ሊቀር ነው። ደስታዬ እውነተኛ ነበር፤ አሁንም አላፍርበትም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የቤተሰቡ ብዛት መጀመሪያ ካልገባ ሲስተሙ ረድፍ አይከፍትልንም» አለችኝ ሜሮን። «ስም ይቅደም ካሉ ግማሹን እንደ አዲስ ልጽፈው ነው። ቀኑ ደግሞ በቴሌቪዥን ተነግሯል፣ እትዬ።»

በዚያ ሳምንት ታብሌቱን ይዤ ኮተቤ አቶ በዛብህ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ያንቋሽሹታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በደስታ ነካኩት።

«መቀረጽ አያስፈልገው! ዝናብ አይበላው!» ካሉ በኋላ፣ «መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የቤተሰብ ብዛት።»

«ቁጥሩ ይቅደም?» አሉ።

«ረድፍ የሚከፍተው በእሱ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ እሱ ካለ» ብለው ታብሌቱን መለሱልኝ። ስወጣ ከኮታቸው ኪስ ቀይ እርሳስ አውጥተው ሰጡኝ። «ያዢው፤ ማሽኑ ሲያልቅበት» አሉ። ቀልድ መሰለኝ።

ሙከራውን ያደረግነው አያት ኮንዶሚኒየም ላይ ነበር። እዚያ ሰው በሩን በግማሽ ከፍቶ፣ «አራት»፣ «አምስት» ብሎ ይመልሳል፤ እንዲያውም ቶሎ እንድንጨርስለት ይፈልጋል። ሙከራው ያለ እንከን አለፈ። ቅደም ተከተሉን ፈረምኩበት።

ከዚያ በተዳፋቱ ላይ ላሉት ሁለት መንደሮች ነዋሪዎች በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የውሃ ቦኖ ሊሠራ ነበር፤ አንድ ቦኖ ብቻ። ከሁለቱ መንደሮች ብዙ ሰው ላለበት እንደሚሰጥ ተወስኗል፤ ብዛቱ ደግሞ በእኛ ምዝገባ ይታወቃል። ታብሌቱን ከፍ አድርጌ ሳሳይ አዳራሹ ተንጫጫ።

«ፎቶ አያነሣም?» አለ አንድ ሰው። «ቤታችንን አንሥቶ ሄዶ ነገ ግሬደር ይዞብን ቢመጣስ?»

«ቴሌቪዥኑ ለልጆች ይታደላል ብሏል፤ ድርሻችን የታለ?» አለች ሌላ።

በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። ወይዘሮ ጫልቱ ትባላለች፤ በላይኛው መንደር የምትኖር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ የምትሸጥ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። «እኔ ማሽኑ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እህቴ» አለችኝ። «እኛ ውሃ የምንቀዳው ከገደሉ ሥር ነው። ይኼ ነገር ውሃ ያመጣል ወይስ አያመጣም? እሱን ብቻ ንገሪን።»

«በትክክል ይመዘግባችኋል» አልኩ። «ወረቀት ይጠፋል፤ ይኼ መሣሪያ ግን ማንንም አይዘነጋም።»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከማስረጃዬ አልፎ የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር ይህ አንዱ ነው።

ምዝገባው አራት ቀን ፈጀ። መዝጋቢዎቹ ፀሐይ ሰሌዳውን ስታንጸባርቅባቸው ነጠላቸውን በራሳቸውና በታብሌቱ ላይ ከንብለው ይሠሩ ነበር፤ መንደርተኛው «ምን ደብቃ ነው የምታየው?» እያለ ይሳሳቅ ነበር። ባትሪ የሚሞላው መብራት ባለው በአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቤት ነበር። ውጤቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሳልነሣ ደረሰኝ። ከላይኛው መንደር የመጣውን ሳነብ፦ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። አለፍኩት። ተመልሼ አነበብኩት። እጄ ወደ ቀይ እርሳሱ ሄዶ ነበር፤ አስታውሳለሁ።

ነገር ግን «ያረጋግጡ» የሚል ምልክት በአንዱም ላይ የለም። ሁለት ብሎ የከፈተ ቤት ሁለት ስም ሞልቷል፤ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር የለውም። ወጣቶቹ ለሥራ ወደ ከተማ ወርደው ይሆናል አልኩ፤ ለራሴ ምክንያት ፈለግሁለት። በአዳራሹ ሕዝብ ፊት ማንንም አይዘነጋም ያልኩለትን መሣሪያ በአራተኛው ቀን መጠርጠር ከብዶኝ ነበር። አጸደቅሁት። ቦኖው ለታችኛው መንደር ተወሰነ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በበጋው፣ ለሌላ ሥራ ወደ ላይ ስወጣ ወይዘሮ ጫልቱን ደጇ ላይ አገኘኋት። ቀኝ እጇ በቀርከሃ ታስሯል።

«ምን ሆኑ?»

«ገደሉ ነዋ። ቅጠሉ አንሸራተተኝ፤ ጀሪካኑ እላዬ ላይ መጣ። ወጌሻ አስሮልኛል።» ቀና ብላ አየችኝና ሳትቆጣ፣ «ማንንም አይዘነጋም አላልሽም ነበር?» አለች። ወደ ቤት ዞራ በኦሮምኛ «ኮታ!»፣ ኑ፣ ብላ ስትጣራ ልጆች ተከታትለው ወጡ፤ ትልቋ ጀሪካኑን አንሥታ ወደ ቁልቁለቱ ወረደች። ሌሎቹ ከኋላዋ ተከተሏት።

«እነዚህ ልጆች አልተመዘገቡም?» አልኩ።

«ያቺ መዝጋቢዋ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ‹ስንት ናችሁ?› አለችኝ። እኔና ባሌ ነን፣ ሁለት፣ አልኳት። ምን ልበል? የታች መንደሮቹ ከተማ ለምደዋል፤ እኔ ልጆቼን በር ላይ ልቁጠር?»

በዚያ ቀን የሄድኩበትን ሌላውን ሥራ አልሠራሁትም።

በማግስቱ ለአቶ ሰሎሞን አንድ ገጽ ጽፌ አቀረብኩ። ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መሣሪያውን የማይወዱት ይህን ወረቀት ቢያገኙ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ?»

«‹አላልንም ነበር?› ይላሉ።»

«ታዲያ ‹አዲስ ስለሆነ ገና አልተላመደም› ብለን ብንጽፈውስ? ማንም አይጎዳም።»

«መሣሪያው የታዘዘውን ፈጽሟል፣ አቶ ሰሎሞን። ቁጥር እንዲቀድም የፈረምኩት እኔ ነኝ። አጠራጣሪ መሆኑን እያየሁ ያጸደቅሁትም እኔ ነኝ። እንደዚያ ብለን ካልጻፍነው ሰዎቹ የሚያምኑት ታብሌቱ መጥፎ ነው ብለው ነው፤ ቦኖውም እዚያው ይቀራል።»

ደግ ሰው ነበሩ፤ ያመነቱት ለእኔም አዝነው ነው። በመጨረሻ ለላይኛው መንደር ምዝገባው እንዲደገም ፈቀዱ፤ በግል ማኅደሬ ውስጥም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ገባ። አሁንም እዚያው አለ፤ ተገቢም ነበር። ሜሮን ሦስት ቀን ከወንበሯ ሳትነሣ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው፦ ስም በስም ይገባል፣ መሣሪያው ራሱ ይደምራል። ከታች «ማስታወሻ» የሚል ባዶ ሳጥንም ጨመረችልኝ። «ይኼ ምን ያደርግልዎታል?» ስትለኝ፣ «ህዳግ ነው» አልኳት።

ወደ ላይ የወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። በቀጭኑ መንገድ ላይ ጫልቱን ደረስኩባት፤ በአንድ እጇ ጀሪካን ወደ ጀርባዋ ልታነሣ ትታገላለች። ታብሌቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጀሪካኑን ከሥር ደገፍኩላት። በዚህ መካከል ታብሌቱ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ሞተ?» አለች።

አነሣሁት። ጥጉ ተሰንጥቋል፤ መብራቱ ግን አለ። «አልሞተም» አልኳት። «ተሰበረ እንጂ ይሠራል። እንደ እጅሽ ነው።» አንቺ ማለቴን የተገነዘብኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። እሷ በሣቅ ውሃውን ልትደፋው ነበር።

ደጇ ላይ ከእሷ ዝቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን ማን አደረ?»

«ደሜ፣ ባሌ። እኔ። ሌንሳ። ገመቹ። ቶሎሳ።»

«ሌላስ?»

«ብርቄ። ጽጌ ደግሞ የእህቴ ናት፤ ግን የእኔ ናት።»

«ሌላስ?»

አሰበች። «ሕፃኑ። ገና ክርስትና አልተነሣም፤ ምን ብለሽ ትጽፊዋለሽ?»

«ሕፃኑ ብዬ» አልኩና የቀረውን በማስታወሻው ሳጥን ውስጥ ጻፍኩ። ከዚያ ሁሉንም ስም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በየስሙ ራሷን ነቀነቀች። «አሳዪኝ» ብላ ወደ ሰሌዳው ስትጠጋ፣ ከስሞቹ ሥር ድምሩ በትልቁ ተጽፎ ነበር። አውራ ጣቴን ቁጥሩ ላይ አሳረፍኩበት። ስሞቹን ብቻ አየች። ከጣቴ ሥር ያለው ምን እንደሆነ ያወቀች ይመስለኛል፤ አልጠየቀችም። ስመለስ ሜሮን ድምሩን ከዚያ ገጽ አነሣችው።

ቦኖው ከክረምቱ በኋላ ለላይኛው መንደር ቆመ፤ የታችኛውም በተራው ተሠራለት። አቶ በዛብህ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ስነግራቸው አልወቀሱኝም። «ህዳግ አለው አልሽኝ?» ብቻ አሉና፣ አለው ስላቸው ረክተው ወደ ወንበራቸው ጀርባ ተደገፉ። በዓመቱ አረፉ። ካፌው ውስጥ «አላልንም ነበር?» ያሉ አልጠፉም። ሆኖም በቀጣዩ ምዝገባ ከእነዚያው አራሚዎች ሁለቱ ነጠላ ከንብለው ታብሌት ሲሞሉ አይቻቸዋለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ስመለስ በቦኖው በኩል አለፍኩ። ጫልቱ ወረፋ ይዛለች፤ እጇ ድኗል፣ ትንሽ ጎበጥ ቢልም።

«አንቺ ሴትዮ! ደግሞ ልትጽፊን መጣሽ?»

«ጡረታ ወጣሁ፣ ጫልቱ።»

«ውይ! ገና ነሽ እኮ! ስንት ዓመት ሠራሽ?»

መልሱን በዓመትና በወር አውቀው ነበር፤ ለንብረት ተረካቢውም ሳላመነታ የሰጠሁት ነው። ጫልቱ ፊት ግን ከአፌ አልወጣም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።

ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀምጣ ሣቀች፤ ሣቋ ሲያልቅ ተቀመጠችበትና ከጎኗ ያለውን ድንጋይ አሳየችኝ።

«እንግዲያውስ አብረውሽ የሠሩትን ስማቸውን ጥሪልኝ» አለች። «ውሃው እስኪደርሰኝ።»

ተቀመጥኩ። ከአቶ በዛብህ ጀመርኩ።